ስድስቱ ላይ፣ አንዱ ታች

«ስድስት አሰልጣኝ!» አለ ከፊት የቆመው ሰውዬ ለዳቦ ሻጯ። «ለአሥራ ሦስት ተጫዋች ስድስት አሰልጣኝ! ለምን አሰልጣኞቹን ራሳቸውን አያሰልፏቸውም? ከእነዚያ ፈዛዞች የባሰ አይጫወቱ!»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ከሰውዬው ጀርባ ሁለት ሰው አልፎ የቆመው ኔቪል አክሮይድም አብሮ ሳቀ፤ ካልሳቀ ይነቃበታላ። በሃግዴል ከተማ እሁድ ጠዋት ዳቦ ቤት የሄደ ሰው ዳቦ ብቻ ይዞ አይመለስም፤ የሳምንቱ የራግቢ ስድብም አብሮ ተጠቅልሎ ይሰጠዋል። ሻጯ ኔቪልን ቀደም ብላ አይታው ኖሮ ሰውዬውን ዓይኗን ብታጉረጠርጥበትም መች ገብቶት። «ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ» ብሎ ቀጠለ፣ «ዋናው አሰልጣኝ ተብዬው የአክሮይድን ልጅ አገባ፣ ይሁን። ቤቱ ገባ፣ እሱም ይሁን። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ሲጠብቀው የኖረውን ወንበር ሄዶ ቁጭ አለበት! ሽማግሌው ይኸው ለአማቹ ውሃ ያመላልሳል። እኔ ብሆን ውሃው ውስጥ እተፋበት ነበር።» አሁን ኔቪል አልሳቀም። ሰውዬው ዳቦውን አቅፎ ዞር ሲል ፊት ለፊት ተጋጠሙ፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለና «ኧረ ኔቭ! መልካም ዕድል ለዛሬ» ብሎ ሹልክ አለ።

«አትስማው የኔ ጌታ» አለች ሻጯ፣ አራት የሥጋ ፓይ በወረቀት እየጠቀለለች። «ይኼ ሰውዬ በልጅነቱም ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን ይጨፍን ነበር።» ፓዩ ሁለት ፓውንድ ከሃያ ገብቷል። ባለፈው ፋሲካ አንድ ከሰማንያ ነበር፤ ሥጋውም እንደ ክለቡ ተስፋ ሳስቷል። ኔቪል ከፍሎ ወጣ። የሰውዬው ቃል አጥንቱ ድረስ ዘልቆ ነበር፤ የሚያናድደው ደግሞ ውሸት አለመሆኑ ነው።

ውጭ ካፊያ ይዟል። ከመንገዱ ማዶ የቆመችው ጥቁር መኪና መብራቷን ብልጭ አደረገችለት። የክለቡ ሊቀመንበር የሚስተር ፎስዲክ መኪና ናት፤ ሚስተር ፎስዲክ ምንጣፍ ነጋዴ ስለሆነ መኪናው ሁልጊዜ አዲስ ምንጣፍ ይሸታል። ባለፈው ዓመት ክለቡ ሲያዘቅዝቅ ስድስት አሰልጣኝ ይኑረን የሚለውን የዋናውን አሰልጣኝ፣ የኔቪልን አማች የዴክላንን ሐሳብ ሰምቶ በደስታ ጠረጴዛ የደበደበ ሰው ነው። ትልልቆቹ ክለቦች እንዲህ ነው የሚሠሩት፣ አንዱ ለማጥቃቱ፣ አንዱ ለመከላከሉ፣ አንዱ ለምቱ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብሎ ለጋዜጣ ሳይቀር ተናግሯል። ዛሬ ግን መሪውን በሁለት እጁ እንደጨበጠ ነው፣ መኪናው ቆሞ ሳለ።

«ዛሬ ከተሸነፍን ወደ ታችኛው ሊግ ወረድን» አለ፣ ኔቪል ገብቶ በሩን ከመዝጋቱ።

«አውቃለሁ።»

«ከወረድን ዴክላን ዛሬውኑ ይሰናበታል። አምስቱም አብረውት። ቡድኑን አንተ ትይዘዋለህ፣ ብቻህን። እንደ ድሮው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ፊሽካ።»

«ካሸነፍንስ?»

«ካሸነፍንማ ሊቅ ነው፤ ሐውልት አቆምለታለሁ።» ሚስተር ፎስዲክ ሊስቅ ሞከረና ተወው። «ኔቪል፣ ወንበሩ ሲለቀቅ ሦስት ጊዜ አለፍንህ። ሦስቱንም ጊዜ ተሳስተናል። ብቻ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል፤ ለቤተሰብማ በጭራሽ።»

ኔቪል ፓዩን ጭኑ ላይ እንዳቀፈ ቀረ። ወረቀቱን አልፎ ሙቀቱ ሱሪው ውስጥ ይሰማዋል። መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር፤ ይህን በኋላ ለራሱም መካድ አልቻለም። ልቡ እንደ ኮበሌ ዘለለች። ከዚያ የልጁ የከርስቲ ፊት መጣበትና ደስታው ከሰመ። እሺም እምቢም ሳይል ከመኪናው ወርዶ ቁልቁለቱን ወደ ቤቱ ተያያዘው።

ቤቱ እንደ መንገዱ ሌሎች ቤቶች ሁሉ ከግራና ከቀኝ ከጎረቤት ጋር የተጣበቀ፣ ታች ሁለት ላይ ሁለት ክፍል ያለው፣ ለሦስት ሰው የሚበቃ ለአራት ሰው የሚጠብ ነው። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ብቻውን ሲንጎራደድበት ኖሮ፣ አምና ከርስቲና ዴክላን ባሮ ከምትባል የወደብ ከተማ ዕቃቸውን ጭነው ሲመጡ ጥበቱን ወደደው። አሁን ኮሪደሩ ላይ የሕፃን ጋሪ ያደናቅፋል፣ ደረጃው ላይ የፕላስቲክ ላም ይረገጣል፣ ማታ ከግድግዳው ማዶ የልጅ ልጁ የኤልሲ ሳል ይሰማል። ከርስቲ ለባሏ ሥራ ስትል የሆስፒታል ሥራዋን ትታ ነው የመጣችው፤ ኤልሲ በሦስት ዓመቷ ይህ ሦስተኛ ከተማዋ ነው። ዴክላን ከተባረረ አራተኛውን ፍለጋ ይሄዳሉ ማለት ነው፤ ምናልባት ፈረንሳይ፣ ምናልባትም አውስትራሊያ፤ ለአሰልጣኝ ሥራ ካልሆነ የማይኬድበት ቦታ። ኔቪል ይህን ሁሉ ከዳቦ ቤቱ እስከ በሩ ድረስ ሲያሰላስል ቁልፉን የት እንዳደረገ ጠፋበት። ከርስቲ ከፈተችለት።

ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የእሁዱ የበሬ ሥጋ በጠዋት ምድጃ ገብቷል፤ መስኮቱ በእንፋሎት ታውሯል። ዴክላን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ የተጋጣሚውን የቀኝ ክንፍ ተጫዋች በቪዲዮ ወደፊት ወደኋላ ያስሮጣል። ስልኩ በየደቂቃው ትጮሃለች፤ አንዴ የማጥቃቱ አሰልጣኝ፣ አንዴ የምቱ፣ አንዴ ተቃራኒን ጥሎ የመያዝን ትግል የሚያስተምረው ግዙፉ ሰውዬ። ለሁሉም «እሺ፣ ጥሩ ነው» ይላል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ግን ጢሙ ውስጥ ኔቪል ከዚህ በፊት ያላየው ሽበት ታየው። ክፉ ልጅ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንዴት በቀለለ! ዴክላን ግን ቦታውን ሲይዝ መጀመሪያ ያደረገው ነገር እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ «ኔቭ፣ አንተ ከሌለህ እኔም አልይዘውም» ማለት ነበር።

«ዳቦ ቤት ምን ይባላል አባዬ?» አለች ከርስቲ፣ ድንቹን እየገለበጠች።

«ምን ይባላል፣ ያው የሥራ ፈት ወሬ ነው እንጂ።»

«ፎስዲክን አየኸው? መኪናውን ከላይ መንገድ ላይ ያየሁት መሰለኝ።»

«አላየሁትም» አለ ኔቪል። ውሸቱ ቶሎ ስለወጣ ራሱንም አስደነገጠው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እንዲህ ያለው ዝምታ ግን ገና ምሳ ሳይደርስ መንቀዝ ጀመረ። ሥጋው ተቆረጠ፣ መረቁ ፈሰሰ፣ ሁሉም የየራሱን ሳህን አየ። ዴክላን አንዲት ቁራጭ ይዞ ከዳር ዳር አዞራትና ለኤልሲ ሰጣት። ከርስቲ ባሏን አየች፣ አባቷን አየች፣ ጨው አቀበለች። ሊነሱ ሲሉ ዴክላን እጁን በአማቱ ትከሻ ላይ አደረገና «ዛሬም እንደ ሁልጊዜው ነን አይደል፣ ኔቭ?» አለ። ኔቪል ራሱን ነቀነቀ። 

እንደ ሁልጊዜው ማለት እንዲህ ነው። ስድስቱ አሰልጣኞች ከትሪቡኑ አናት ባለው ባለመስታወት ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ኔቪል በጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ፣ የውሃ ጠርሙሶቹን አንጠልጥሎ ታች ከመስመሩ ዳር ይቆማል፤ ጨዋታው ረገብ ሲል ሮጦ ይገባል፣ ውሃ እያቀበለ የላዮቹን ቃል ለተጫዋቾቹ ልጆች ያደርሳል። በየክለቡ እንዲሁ ነው። በሌላው ክለብ ግን ከላይ የሚናገረው አንድ ሰው ነው፤ በሃግዴል ስድስቱም ማይክ አላቸው፣ ስድስቱም ይናገራሉ፣ ሲከፋም አንድ ላይ ይናገራሉ። ቀኝ ይክፈቱ፣ አይ ቀኙን ይዝጉ፣ አራተኛ ጊዜ ሲያዙ ይምቱ፣ ኧረ አይምቱ፣ ይተንፍሱ። ኔቪል ይህን ሁሉ በአንድ ጆሮው ይሰማና ልጆቹ ጋ ሲደርስ አንዲት ነገር ብቻ ይላል። አንዳንዴ እሷንም አይልም፤ «አይዞህ፣ ጠጣ» ብሎ ይመለሳል። የቀረውን የት ያደርሰዋል? ሜዳው ላይ ይጥለዋል። ይህን እንዲያደርግ ያዘዘው የለም፣ ለማንም ነግሮም አያውቅም። ክለቡ ከበጋው አጋማሽ ወዲህ ነፍስ ዘርቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሰባት ጨዋታዎች አራት ሲያሸንፍ፣ ጋዜጣው የስድስቱን ፎቶ አሰልፎ አወጣ። ኔቪል ፎቶው ውስጥ አልነበረም፤ ቅር ቢለውም ለማንም አልተናገረም።

ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። ፓይ ላይ አተር እያፈሰሱ የሚሸጡት ሴቶች ጋ ያለው ወረፋ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ ተጥመልምሏል፤ ሽማግሌዎቹ በየለመዱት ቦታ አጥሩን ተደግፈው ገና ሳይጀመር ዳኛውን ይሳደባሉ። በጨዋታው መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያው መልእክት መጣ፤ የዴክላን ድምፅ ነው። «ኔቭ፣ ሳቪል ወደ ግራ ይሳብ በለው።» ሳቪል የቡድኑ አምበል ነው፣ በሥራ ቀን ግድግዳ ለሳኝ፣ እሁድ እሁድ ግን ራሱ ግድግዳ። ኔቪል ሰማና፣ ይኼ አይሆንም፣ ልጁ እዚያው ደህና ነው ብሎ እንደ ልማዱ ሊጥለው ሲል እግሩ መሬት ላይ ተተከለ። ለምንድን ነው የምጥለው? ስለማይረባ ነው? ወይስ ዴክላን እንዲሸነፍ ፈልጌ ነው? ትናንት ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ቢያገኝ ይስቅበት ነበር። ዛሬ መልሱን ፈለገ፣ አጣው። የገዛ ልቡን ገልብጦ ቢያይ፣ ጠዋት መኪናው ውስጥ እንደ ኮበሌ የዘለለችው ልብ ናት፤ እንዴት ይመናት?

ያኔ ነው የወሰነው። ያሉኝን ሁሉ፣ አንድም ቃል ሳላስቀር፣ አንድም ሳልጨምር አደርሳለሁ። ከተሸነፉም በእኔ እጅ አይሁን። ይህን ሲወስን ከትከሻው ላይ ጆንያ የወረደለት መሰለው፤ ንጹሕ ሰው የሆነ መሰለው። ሮጦ ገባና ሳቪልን ወደ ግራ ላከው።

ከዚያ በኋላ ሲገባ ሲወጣ ዋለ። የማጥቃቱን ተናገረ፣ የመከላከሉን ተናገረ፣ የትግሉን ተናገረ። ልጆቹ መጀመሪያ እንደ ወትሮው እሺ እሺ አሉት፤ ቀጥለው እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። የአእምሮ አሰልጣኟ፣ ድምፀ ለስላሳዋ ሴትዮ፣ «ትልቁ ልጅ በአፍንጫው ጥልቅ ትንፋሽ ይሳብ በልልኝ» አለችው፤ ለወራት አንድም ቃሏን አድርሶላት አያውቅም ነበር። ትልቁ ልጅ አፍንጫው ተሰብሮ ሁለቱም ቀዳዳ በጥጥ ተወትፏል። ኔቪል መልእክቱን አንድ በአንድ ነገረው።

«በየትኛው አፍንጫዬ?» አለ ልጁ። «አመመህ እንዴ ኔቭ?»

ያም ሆኖ ጨዋታው አልሞተም። ልጆቹ በጉልበትና በእልህ ገፉት፤ ማብቂያው ሲቃረብ ሃግዴል ሃያ ለአሥራ ስምንት ይመራ ነበር፣ ኳሱም በእጃቸው ነበር። ሕዝቡ ቆሟል፣ አጥሩ ይንቀጠቀጣል። የኔቪል ሸሚዝ ከጀርባው ተጣብቋል። አሸንፉ፣ በእግዚአብሔር አሸንፉ፣ ወንበሩም ይቅርብኝ ይላል በሆዱ፤ እውነቱን ነበር፤ ይህን ሲል ትንሽ እንኳ አልዋሸም። አንድ ልጅ ተጎድቶ ጨዋታው ቆመ። ወዲያው ጆሮው ውስጥ ገበያ ሆነ። የምቱ አሰልጣኝ፣ «ኳሱን ሩቅ ይምቱትና ይገላገሉ!» ይላል። የማጥቃቱ፣ «እንዳይመቱ! ይዘው ይቆዩ፣ ሰዓቱ ያልቃል!» ይላል። የመከላከሉ ሌላ ይላል። ዴክላን የሆነ ነገር ሲጀምር በአምስቱ ጩኸት ተዋጠ፤ «ኔቭ…» ብቻ ተሰማው፣ ከዚያ እንደገና «ኔቭ…»

ኔቪል ገባ። ልጆቹ ከበቡት፤ ጭቃና ደም የተለወሰ ፊት ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። አንዲት ቃል ነበር የሚፈልጉት።

«ሩቅ ምቱት ይላሉ» አለ። «ይዛችሁ ቆዩም ይላሉ።»

«የቱን?» አለ ሳቪል።

«ሁለቱንም ብለዋል።»

«ኔቭ! የቱን ነው? አንተ ንገረኛ!»

የቱ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ያዙት፣ ዝም ብላችሁ ያዙት። ግን ይህ የእሱ ቃል እንጂ የላዮቹ አይደለም፤ ዛሬ የራሱን ቃል እንዳይናገር ለራሱ ምሏል። «እኔ የተባልኩትን ነው የምነግርህ» ብሎ ጠርሙሱን ተቀብሎት ወጣ። ጨዋታው ተጀመረ። ሳቪል ይዞ ለመውደቅ ወደፊት ገፋ፤ መቺው ልጅ ደግሞ ኳሱ ለእሱ የሚመጣ መስሎት ወደኋላ ሸሸ፤ ሦስተኛው መሀል ላይ ተደናግሮ ቆመ። ኳሷ በግጭቱ ከሳቪል እጅ ስትወጣ የሚቀበላት ሰው አልነበረም። አንዴ ነጠረች፤ የተጋጣሚው ክንፍ አፍሶ ከመስመር እስከ መስመር ሲሮጥባት የነካው የለም። ኳሷን በግቡ መሀል መሬት ላይ አሳርፎ አራት ነጥብ አገኘ፣ በጭማሪው ምት ሁለት ጨመሩ፣ ሃያ አራት ለሃያ ሆነ። የማብቂያው ፊሽካ ተነፋ። አጥሩን የተደገፉት ሽማግሌዎች እንኳ ዳኛውን ሳይሳደቡ ወጡ።

ሚስተር ፎስዲክ ቃሉን ጠበቀ። ልጆቹ ገና ታጥበው ሳይጨርሱ ስድስቱን ቢሮው ጠርቶ አሰናበታቸው፤ ማን እንደሚተካ ግን አልነገራቸውም። ኮሪደሩ ላይ ኔቪልን ሲያልፈው ክንዱን ጨበጥ አደረገና «ነገ ጠዋት መልስህን» አለው። የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። ኔቪል የቱ እንደሆነ ራሱን እየጠየቀ በካፊያው ወደ ቤቱ ሄደ።

ቤት ሲገባ ከርስቲ የተረፈውን ሥጋ ቀዝቃዛውን ቆርጣ በዳቦ አቅርባ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን ሳህን ስታስቀምጥ ድምፅ አላሰማችም። ኤልሲ ምንጣፉ ላይ ላሟን ታስግጣለች። ዴክላን ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል።  

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ዴክላን በመጨረሻ፣ ቀና ሳይል። «ዛሬ ምን ነካህ?»

«ያላችሁትን ነው ያደረስኩት። አንድም ቃል አላጎደልኩም።»

«እሱን ነው እኮ የምልህ!» ዴክላን አሁን ቀና አለ። ንዴት ሳይሆን ግራ መጋባት ነበር ፊቱ ላይ። «የማይረባውን ሁልጊዜ ትጥለው የለም እንዴ? የማላውቅ መሰለህ? ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ አውቃለሁ። እኔ አንድ ነገር እላለሁ፣ ልጆቹ ሌላ ያደርጋሉ፣ እናሸንፋለን። ላይ ስድስት ሰው የሰበሰብኩት ታች አንተ ስላለህ ነበር፣ ኔቭ። አንተ ባትኖር አብጃለሁ እንዴ ለስድስት ሰው ማይክ የምሰጥ? እዚያ መስታወት ጀርባ ሆኜ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ ሁሉ ጫጫታ ኔቭ የሚበጀውን ይመርጣል። ዛሬ ምነው ተውከኝ?»

ኔቪል ሳህኑን ገፋ አደረገ። መዋሸት ይችል ነበር፤ ደከመኝ፣ አልተሰማኝም፣ ራዲዮው ተበላሸ። ከጠዋት ጀምሮ የዋጠው ግን ከዚያ በላይ አልዋጥ አለው።

«ጠዋት ፎስዲክ መኪና ውስጥ አስገብቶ ቦታህን ሰጠኝ» አለ። «ከተሸነፍን። እና ፈራሁ። ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል ብጥል አንተን ለመጣል እየመሰለኝ ፈራሁ። ላለመበደል ብዬ ነው።»

ከርስቲ ቢላውን አስቀመጠች። «ስጠይቅህ አላየሁትም አልከኝ» አለች። አባዬም አላለችውም። ዴክላን ሁለት መዳፉን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ፤ ሲያወርዳቸው ኔቪል የጠበቀው ስድብ አልመጣም። ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«ብትነግረኝ ኖሮ» አለ ዴክላን ቀስ ብሎ፣ «ጣል ነበር የምልህ። እንደ ወትሮህ ጣል። አምንሃለሁ።»

«ተቀበለው አባዬ» አለች ከርስቲ ድንገት፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «እኛ መሄዳችን ካልቀረ አንተ እንኳ ተቀበለው። ሲመኙት ኖረው መተው ደግሞ ምን ይሉታል።» ይህን ብላ ኤልሲን ከምንጣፉ አንስታ ታቅፋ ወደ ላይ ወጣች። ኤልሲ በደረጃው ላይ አያቷን እጇን እያወዛወዘች ተሰናበተችው።

ሁለቱ ወንዶች ብቻቸውን ቀሩ። ዴክላን ዳቦውን ቆረሰና ሳይጎርሰው መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ እንደ ሥራ ባልደረባ፣ ለነገው ልምምድ የሚዘጋጅ ይመስል፣ አንዲት ጥያቄ ጠየቀው።

«አንተ ላይ ስትወጣ ታች ማን ይቆምልሃል?»

ኔቪል አሰበ። ደግሞ አሰበ። የሚያውቃቸውን ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ አሳለፈ፤ ከአንዱ በቀር አላገኘም፤ እሱም ፊት ለፊቱ ካፖርቱን ለብሶ ተቀምጦ መልስ ይጠብቅ ነበር።